ዶሳው ሳያልቅ የተዘጋው ሱቅ

ስዋሩፓ እሁድ ጠዋት ዴሞ ልትሰጥ ነው ሲባል ያላመንኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ራሷም ደጋግማ ነው የጠየቀችን፦ «እሺ ብለዋል አይደል? በጆሯችሁ ሰምታችኋል አይደል?»

«ሰምተናል አካ» አልናት፣ እኔና ኦዴሉ። አካ ታላቅ እህት ማለት ነው። ስዋሩፓ በዕድሜ ብዙም አትበልጠንም፣ ግን ላብ በምንለው የኮምፒውተር መለማመጃ ክፍል ውስጥ ማሽኑ እምቢ ባለን ቁጥር «አካ!» እያልን ስንጮህ በዛው ስሟ ሆኖ ቀረ። ሥራዋ እሱ ነበር። አስተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ያስተምራሉ፣ እኛ ላብ ገብተን ያስተማሩንን እናበላሻለን፣ እሷ ደሞ ከወንበር ወንበር እየዞረች ያበላሸነውን ታቃናለች።

ነገሩ የመጣው ሙራሊ ሰር ስለሄዱ ነው። አሚርፔት እንደምታውቁት ከሃይደራባድ ሰፈሮች ሁሉ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ እንደ አሸን የፈላበት ነው፣ አንድ ህንጻ ላይ ብቻ ስንትና ስንት ሰሌዳ ተደራርቦ ይሰቀላል። ሙራሊ ሰር የኛ ማሰልጠኛ ኮከብ ነበሩ። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያስተምሩ ወንበር ይሞላና ሰው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። እና አንድ ሐሙስ ቦርሳቸውን አነገቱ፣ መንገዱን ተሻገሩ፣ ፊት ለፊት ያለው ማሰልጠኛ ገቡ። አለቀ። የእሁዱ ዴሞ ማስታወቂያ ግን በየግድግዳው ተለጥፏል።

ዴሞ ነጻ ትምህርት ነው። አሚርፔት ውስጥ ማንም ሳይቀምስ አይመዘገብም። ሰው መጥቶ ግማሹን ይሰማል፣ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፣ ከጣመው ይመለሳል። ካልጣመው ሻዩን ጨልጦ ቀጥሎ ያለው ህንጻ ይገባል፣ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ የአስተማሪ ዕጣ የሚወጣው ከሻይ በኋላ ነው።

ስዋሩፓ ይሄንን አውቃ ነው ቢሮ የገባችው። እኔና ኦዴሉ ለሌላ ጉዳይ እዛው ቆመን ነበር።

«ሰር» አለች፣ «እሁድን ለኔ ይስጡኝ።»

ፑሩሾታም ጋሩ፣ የማሰልጠኛው ባለቤት፣ ከስልካቸው ቀና አሉ፤ ጋሩ እንደ አቶ ያለ የአክብሮት ቃል ነው። «የቱን እሁድ?»

«የዴሞውን።»

«የሙራሊን ወንበር?»

«ወንበር የለም ሰር። እሳቸውም ቆመው ነው የሚያስተምሩት።»

ኦዴሉ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፑሩሾታም ጋሩ ግን አልሳቁም። ከላይ እስከታች አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ላብ ውስጥ አንድ ሰው ጆሮ ላይ መናገርና አዳራሽ ፊት መቆም አንድ ነው የመሰለሽ?»

«ካልሞከርኩት አላውቀውም።»

«እነሱ የሚመጡት የጃቫውን ትሬድ ሊሰሙ ነው፤ ሙራሊ የሚታወቁበት ርዕስ ነው።»

«ትሬድ አውቃለሁ። እሳቸው አስተምረው ሲወጡ ላብ ውስጥ የሚጠይቁት እኔን ነው።»

ሰውየው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሌላ አስተማሪ ቢኖራቸው ኖሮ ያስወጧት ነበር፣ ማኖሃር ሰር የሚባሉትም በዛው ሰዓት የራሳቸው ክፍል አላቸው። በመጨረሻ ጣታቸውን አነሱ። «እንግሊዝኛ ብቻ። የዋራንጋል ሰፈር ወሬሽን አዳራሽ ውስጥ እንዳልሰማ። ከሻይ በኋላ ወንበሩ ከሞላ የሚመዘገበውን የተማሪ ባች ትወስጃለሽ፣ አስተማሪ ነሽ። ካልሞላ ላብሽ ትገቢያለሽ፣ ሁለተኛ ይሄን በር በዚህ ጉዳይ አታንኳኪም። ተግባባን?»

«ተግባባን ሰር።»

ስለ ዋራንጋሉ ነገር ትንሽ ልበላችሁ። እኛ ከዛ ወገን የመጣነው ቴሉጉ ስንናገር ከባህሩ ወገን የመጡት ልጆች ይስቃሉ። ፊልም ላይ እንደኛ የሚያወራው ወይ ሌባው ወይ ቀልደኛው ነው። ስዋሩፓ ደሞ እዛው ዋራንጋል ውስጥ የናርሳምፔት ልጅ ናት፣ አፏን ስትከፍት ሰፈሯ አብሮ ይወጣል። ኦዴሉና እኔም ከዛው ነን፣ ግን እኛን አዳራሽ ፊት ማን ያቆመናል?

ልምምዱን የሆስቴላችን ጣራ ላይ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ አደረግነው። የታጠበ ልብስ መሃል ቆማ እንግሊዝኛዋን በቃሏ ትወርደዋለች፤ እኔና ኦዴሉ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለን አዳራሽ ነን።

«እንዴት ነኝ?» አለች ስትጨርስ።

«አካ» አለ ኦዴሉ፣ «ባቡር ጣቢያ በድምጽ ማጉያ የምታወራዋን ሴትዮ መስለሻል። ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

«ዝም በል አንተ! ገባህ አልገባህም?»

«ምንም አልገባኝም። እኔ ድሮም አይገባኝም፣ እኔን አትይ።»

እሷም በንዴት እንግሊዝኛውን ትታ በኛው አነጋገር ጀመረችለት። «ስማ። ፕሮግራም ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ከላይ ወደታች አንድ በአንድ ይሠራዋል፣ አይደል? ልክ አንድ ሰው ብቻውን ሱቅ እንደሚሠራ። ዶሳ ይጋግራል፣ ሲጨርስ ቻትኒ ይፈጫል፣ ሲጨርስ ሱቁን ይዘጋል። አንድ ክር ነው። ትሬድ ማለት ክር ነው። ሁለቱ ሥራ እኩል እንዲሄድ ከፈለግህ ሌላ ክር ትጨምራለህ። አንዱ ክር ዶሳ ላይ፣ አንዱ ክር ቻትኒ ላይ።»

ዶሳ እንደ እንጀራ በስሱ የሚጋገር የሩዝ ቂጣ ነው፣ ቻትኒ ደሞ ማባያው። ኦዴሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይሄው ነው? በቃ ይሄን በያቸዋ!»

«እንግሊዝኛ ብቻ ተብያለሁ።» እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ ያንን የባቡር ጣቢያውን።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። የሙራሊ ሰር መሄድ ገና ስላልተሰማ ሰው በስማቸው ነው የመጣው፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ራሱ ቀላል አይደለም። ስዋሩፓ ሰማያዊ ኩርታ ለብሳ፣ ጸጉሯን ጥብቅ አድርጋ ጎንጉና፣ መድረኩ ላይ ወጣች። ከኋላ «ሙራሊ ሰርስ?» የሚል ድምጽ መጣ። እሷ ማይኩን ያዘች።

እኔ ምን ልበላችሁ፣ ፊደል ሳትስት ነው የወረደችው። ግን ሰው እንደ በረዶ ሆነ። መጀመሪያ ስልክ ወጣ፣ ቀጥሎ ማዛጋት መጣ፣ ቀጥሎ ሁለት ልጆች ጎንበስ ብለው በጓሮ በር ሾለኩ። ፑሩሾታም ጋሩ በሩ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ኦዴሉ «ባቡሩ መጣ» ብሎ ሹክ አለኝ፣ በክርኔ ጎሸምኩት።

ከዛ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ትልቁ ስክሪን ላይ ፕሮግራሙን ስትጽፍ ሰው ትንሽ ቀና አለ፣ መቼም ስክሪን ሲንቀሳቀስ ሰው ያያል። አንድ ክላስ፣ የፕሮግራሙ አንድ ቁራጭ ማለት ነው፣ ዶሳ ለሚጋግር፣ አንድ ክላስ ቻትኒ ለሚፈጭ። በየክላሱ ውስጥ «ራን» የሚባል ክፍል አለ፣ እንግሊዝኛው ሩጥ ነው የሚለው፣ ሠራተኛው የሚሠራው ሥራ የሚጻፈው እዛ ውስጥ ነው። «ዶሳ» ብለህ ጻፍ፣ ትንሽ አሸልብ፣ እንደገና «ዶሳ» ብለህ ጻፍ፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። ቻትኒውም እንደዛው። ታች ዋናው ፕሮግራም ሁለቱን ሠራተኞች ይፈጥራል፣ ሥራ ያስገባቸዋል፣ መጨረሻ ላይ «ሱቁ ተዘጋ» ይላል። ሁለቱ እኩል ስለሚሠሩ ዶሳና ቻትኒ እየተቀላቀለ መውጣት ነበረበት።

ቁልፉን ተጫነች።

ዶሳ። ዶሳ። ዶሳ። ዶሳ። ዶሳው ተግተልትሎ እስኪያልቅ ወጣ። ከዛ ቻትኒ። ቻትኒ። ቻትኒ። ከዛ ሱቁ ተዘጋ።

አንድም የተቀላቀለ የለም። እንደጨነቃት ገባኝ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፋኒንድራ የሚባል ከባህሩ ወገን የመጣ የቢማቫራም ልጅ አለ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ምላሱ የማያርፍ። ብድግ ሳይል ነው የተናገረው፦ «ማዳም፣ ደረቅ ዶሳ ነው እንዴ የምታበሉን? ቻትኒው የመጣው ሰው ተነስቶ ከሄደ በኋላ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንግዲህ ፕሮግራሙ ላይ የተሳሳተችው አንዲት ቃል ናት፣ ሁለት ቦታ፤ ብትፈልግ ቀስ ብላ አስተካክላ «ይቅርታ» ብላ ልታልፍ ትችል ነበር። ሙራሊ ሰር ቢሆኑ እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ ቶሎ ይደመስሳሉ።

ስዋሩፓ አልደመሰሰችም። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ በሩ ላይ ያሉትን ሰውዬ አላየችም። እና በናርሳምፔት አፏ ጀመረች።

«እውነትህን ነው» አለችው ለፋኒንድራ፣ «ደረቅ ዶሳ ነው ያበላኋችሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ ወይስ ሳቁ ይቀድማል?»

እንደገና ተሳቀ፣ ግን አሁን ሳቁ ሌላ ነው። አንዳንዱ ባነጋገሯ ነው የሳቀው፣ አንዳንዱ አብሯት ነው። ስልኮቹ ግን ወደ ኪስ ገቡ።

«ኦዴሉ፣ ያዳጊሪ፣ ኑ ወዲህ!»

ያዳጊሪ እኔ ነኝ። እየተጎተትኩ ወጣሁ። ኦዴሉ ግን ዕድሜ ልኩን ይሄን ሲጠብቅ እንደኖረ ዘሎ ወጣ። ስዋሩፓ ሁለት ቅጠል ወረቀት ላይ ሞነጫጭራ አንድ ለሱ አንድ ለኔ ሰጠችን። የኔ ላይ «ዶሳ» ይላል ከላይ እስከታች፣ የሱ ላይ «ቻትኒ»።

«እነዚህን ሁለቱን ቀጠርኳቸው» አለች። «ክላስ ማለት የሥራ መደቡ ነው፣ ዶሳ ጋጋሪ ይላል በቃ። ኦብጀክት ደሞ ተቀጥሮ የመጣው ሰውዬ ነው፣ ይሄ ከሲታው ያዳጊሪ። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ራን ነው፣ ሥራው። እኔ ዋናዋ ነኝ፣ ባለሱቋ። አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ እዩ። ለከሲታው ‹ራን› አልኩት። ሩጥ ያልኩት መስሎኛል፣ አይደል? እዩ ምን እንደሚሆን።»

መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወረቀቱን ከእጄ ላይ እያየች ራሷ «ዶሳ! ዶሳ! ዶሳ!» እያለች እስከ ታች አነበበችው። እኔ ግንድ ሆኜ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ ወደ ኦዴሉ ሄደች፣ የሱንም «ቻትኒ! ቻትኒ!» እያለች ራሷ ጨረሰችው። ኦዴሉ እጁን አጣጥፎ ጣራ ጣራውን ያያል፣ አሽሙረኛ።

«ማን ሠራ?» አለች እያለከለከች።

«አንቺ!» አለ አዳራሹ።

«እነዚህስ?»

«ቆሙ!»

«ይሄው። ራን ብዬ ስጠራው ወረቀቱን አንስቼ ራሴ መሥራቴ ነው። ሁለት ሰው ቀጥሬ ብቻዬን ሮጥኩ። ስህተት ነው የሚል ቀይ መስመር የለም፣ ፕሮግራሙ አልተሰበረም፣ ለዛ ነው መጥፎነቱ። ይሄን የጻፍኩት ደንግጬ ነው፣ እናንተ ደሞ ሳትደነግጡም ትጽፉታላችሁ። ላብ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ፣ የሚያምር ትሬድ ጽፋችሁ አንድም ትሬድ ሳይነሳ።»

ከመሃል አንዲት ልጅ «ታዲያ ምን እንበለው አካ?» አለች። አካ አለቻት! የማታውቃት ልጅ እኮ ናት።

«ስታርት። ጀምር ትሉታላችሁ በቃ። ስትሉት ኮምፒውተሩ አዲስ ክር ይሰጠዋል፣ በራሱ ክር ላይ ሆኖ ወረቀቱን ራሱ ያነባል። እናንተ ወደራሳችሁ ሥራ ትዞራላችሁ።» ወደኔ ዞረች። «ያዳጊሪ፣ ስታርት!» ወደሱ ዞረች። «ኦዴሉ፣ ስታርት!»

እና ጀመርን። እኔ «ዶሳ» ስል እሱ «ቻትኒ» ይላል፣ አንዳንዴ እሱ ሁለቴ ይቀድመኛል፣ አንዳንዴ እኔ። ኦዴሉ ማይኩን ከጠረጴዛው አንስቶ የመንገድ ሻጭ ሆነ፦ «ቻትኒ! ትኩስ ቻትኒ! የኮኮናት ነው ማሚዬ!» አዳራሹ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ስዋሩፓ በዛ ሁሉ ጩኸት መሃል ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ ሁለቱን «ራን» ወደ «ስታርት» ቀየረች፣ ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ የወጣው መጀመሪያ ምን መሰላችሁ?

ሱቁ ተዘጋ።

ከዛ ዶሳ። ቻትኒ። ቻትኒ። ዶሳ።

ፋኒንድራ አሁን ተነስቶ ቆመ። «አካ፣ ይሄማ ከቅድሙ ባሰ! ቅድም ቢያንስ ሱቁ መጨረሻ ላይ ነው የተዘጋው። አሁን ዶሳው ሳይጋገር ዘጋሽው!»

እውነቱን ነው እኮ። ትክክለኛው ከስህተቱ የባሰ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ «ዶሳ» ማለቴን አቆምኩ። በሩ ላይ ፑሩሾታም ጋሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስዋሩፓ ስክሪኑን ትንሽ አየችውና ፈገግ አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዛን ቀን። የስክሪኑን መብራት አጠፋችው። «ተዘጋ። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ኦዴሉ ግን እስካሁን እየፈጨ ነው፣ አትሰሙትም? ለምን እንደሆነ ሻይ ላይ አስቡት። ከሻይ በኋላ እዚሁ ነኝ።»

«ቻትኒ!» አለ ኦዴሉ በማይኩ፣ ሰው በበሩ እየወጣ።

አዳራሹ ባዶ ሲቀር ፑሩሾታም ጋሩ መጡ። ወደ መድረኩ አልወጡም፣ ከታች ሆነው ነው የተናገሩት። «ምን ነበር የተባባልነው?»

«ወንበሩ ከሞላ ብለውኛል።»

«እንግሊዝኛ ብቻ ብዬሻለሁ! ይሄ ማሰልጠኛ ነው ወይስ የሰርግ ቤት? እነዚህን ሁለት ጅሎች ደሞ ማን ውጡ አላቸው?»

«ጅሎቹ እኛ ነን?» አለ ኦዴሉ።

«ማኖሃር ክፍላቸውን ጨርሰው ታች ናቸው። ሁለተኛውን ግማሽ እሳቸው ይወስዱታል። አንቺ ላብ ግቢ፣ ነገሩ በዚሁ ያብቃ።»

ስዋሩፓ ኬብሉን እየጠቀለለች ነበር፣ እጇ ቆመ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «የእንግሊዝኛውን ቃል አፍርሻለሁ ሰር፣ እሱን ይቅጡኝ» አለች። «የወንበሩን ቃል ግን እርሶ ነዎት የሰጡኝ። ማኖሃር ሰር ይምጡ፣ በሩ ላይ ይቁሙ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ማይኩን በእጄ ነው የማቀብላቸው። ሰው ካለ ግን የኔን ጥያቄ ይዞ ነው የሄደው፣ መልሱን ሌላ ሰው አይነግረውም።»

«አትወርጂም ማለት ነው?»

«አልወርድም።»

እንዲህ ቁርጥ አድርጋ ስትናገር እኔ ላብ ውስጥ ሰምቻት አላውቅም። ሰውየው ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። እሷ ኬብሉን ፈታች፣ መልሳ ሰካችው፣ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። «ሻይ ላምጣልሽ?» አልኳት። «ውረዱና ሰዉን እዩልኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ወረድን። ታች መከራ ነው። ደረጃው አፍ ላይ የሌሎቹ ማሰልጠኛዎች ልጆች ተሰልፈው እያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፦ «ዴሞ አሁን ይጀምራል! አየር ማቀዝቀዣ አለ! ሙራሊ ሰር እኛ ጋ ናቸው፣ ሙራሊ ሰር!» ያንን ሲሰማ አንድ መንጋ ሰው ቀጥ ብሎ መንገዱን ተሻገረ። ዓይናችን እያየ። ኦዴሉ «ይሄ የኛ ነበር፣ ያ የኛ ነበር» እያለ ይቆጥራል፣ «ዝም በል» አልኩት።

ሻይ ቤቱ ጋ ግን ጭቅጭቅ አለ። ፋኒንድራ መሃል ቆሞ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይከራከራል። «ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው እያልኩህ ነው!»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» አለው አንዱ መነጽር ያደረገ።

«ታዲያ ለምን ቀድሞ ዘጋ?»

«ፈጣን ስለሆነ።»

«ፈጣን ከሆነ ዶሳውም ይፍጠን!»

ያቺ ቅድም «አካ» ያለችው ልጅ ስኒዋን አስቀመጠች። «ቅድም ራን ሲሆን እኮ ባለሱቋ ራሷ ናት የሠራችው። ሥራው ሳያልቅ እጇ አይፈታም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ዘጋች። አሁን ጀምሩ ብላ ትታቸው ሄደች። እነሱ ገና ሲጀምሩ እሷ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች፣ የሚቀጥለው መስመር ደሞ መዝጋት ነው።»

የፋኒንድራ ብስኩት ተቆርሶ ሻይ ውስጥ ሰጠመ፣ አላስተዋለውም። «አልጠበቀቻቸውም» አለ።

«አልጠበቀቻቸውም።»

«እና እንዴት ነው ጠብቂ የሚባለው?»

ማንም አላወቀም። ኦዴሉ አፉን ሊከፍት ሲል እጁን ጨመቅኩት፣ እሱም እንደማያውቀው አውቃለሁ። ፋኒንድራ ስኒውን እንደያዘ ወደ ደረጃው ገሰገሰ። ወረቀት የሚያድለው ልጅ «ሙራሊ ሰር...» ሲለው «ቆይ ባክህ፣ ሱቅ ከፍተን መጥተናል» ብሎት አለፈ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሁሉም አይደሉም፣ ውሸት አልነግራችሁም።

ስንገባ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሰው የለም። የኋላዎቹ ረድፎች ባዶ ናቸው። ከፊት ያሉት ግን ሞልተው፣ ከኋላ የነበረው ሁሉ ወደፊት ተጠግቶ፣ አንዳንድ ወንበር ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የተቀመጡት። ማኖሃር ሰር በሩ ላይ ከፑሩሾታም ጋሩ ጎን ቆመዋል፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው።

ስዋሩፓ ባዶዎቹን ረድፎች አየች። እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። ከዛ መቁጠሩን ተወችው። «እሺ። ለምን ተዘጋ?»

«ስላልጠበቅሽ ነው አካ!» አለ ፋኒንድራ፣ ሻዩ እጁ ላይ። «እኔ ነኝ ያገኘሁት!»

«ውሸታም!» አለችው ያቺ ልጅ፣ ሰዉ ሳቀ።

«ማንም ያግኘው ልክ ነው። ስታርት ማለት ጨርስ ማለት አይደለም፣ ጀምር ማለት ብቻ ነው። እስኪጨርስ መጠበቅ ከፈለግሁ እሱን ለብቻው መናገር አለብኝ። ቃሏ ጆይን ትባላለች። አጠገቡ ሄጄ እቆማለሁ፣ እስኪጨርስ ንቅንቅ አልልም።» ጻፈች፣ ለከሲታው አንድ ጆይን፣ ለኦዴሉ አንድ ጆይን፣ ከነሱ በታች መዝጋቱ። «ግን የት ጋ እንደምጽፈው እዩ። አንዱን አስጀምሬ፣ እሱን ጠብቄ፣ ከዛ ሁለተኛውን ባስጀምር ምን ይሆናል?»

«ደረቅ ዶሳ!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

«ስለዚህ?»

«መጀመሪያ ሁለቱንም አስጀምሪ፣ ከዛ ጠብቂ!»

ተጫነች። ዶሳ። ቻትኒ። ዶሳ። ቻትኒ። ቻትኒ። ዶሳ። ሰዉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያየው፣ የክሪኬት የመጨረሻ ኳስ ይመስል። መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ሱቁ ተዘጋ።

አጨበጨቡ። ፋኒንድራ ግን አልጠገበም፦ «የጨረሰውን ሠራተኛ እንደገና ስታርት ብለውስ?» እሷም «ና ራስህ ጻፈው» ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት። ጻፈ፣ ተጫነ፣ ቀይ መስመር ስክሪኑን ሞላው፣ ሰዉ ጮኸበት። «አንዴ ሮጦ የጨረሰ ክር አይነሳም» አለች፣ «አዲስ ሰው ቅጠር።» ከዛ በኋላ ጥያቄው አላባራ አለ፣ እሷም ከመድረኩ ወርዳ ወንበር ለወንበር መዞር ጀመረች። ማኖሃር ሰር መቼ እንደሄዱ አላየሁም።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ነው ፑሩሾታም ጋሩ የመጡት። አሁን መድረኩ ላይ ወጡ። ባዶዎቹን ረድፎች በአገጫቸው አሳዩዋት። «አልሞላም።»

«አልሞላም» አለች። «ከመጣው ግን የተመለሰው ተመዝግቦ ነው የሚሄደው፣ ታች ቢሮ በር ላይ ይዩዋቸው።»

አይተዋል፣ ለዛ ነው የመጡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የጠዋቱን ባች ልሰጥሽ እችላለሁ። ንጋት ላይ ያለውን። ሌላ አስተማሪ የማይፈልገው ነው፣ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚመጣው።»

«እወስደዋለሁ።»

«ደመወዝሽን በኋላ እናወራለን።»

«ዛሬ እናወራዋለን። ደሞ እንደዛሬው ነው የማስተምረው ሰር። ስክሪኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ አፌ የናርሳምፔት ነው።»

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ መንገዱን ማዶ ያለውን ህንጻ አዩ። «በዛ ሰዓት ማንስ ይሰማሻል» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። «መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ነገ።»

«ነገ? ሰሌዳ እንኳ አልተሰቀለም።»

«ሰሌዳው ይድረስብኝ» አለች ስዋሩፓ፣ ኬብሉን ነቅላ እየጠቀለለች፣ «እኔ ነገ ጠዋት እዚህ ነኝ።»